ቤዝመንቱ የረጠበው በየትኛው ውሃ ነው? የብሎኬት ግድግዳ ምልክቶችና የጥገና አማራጮች ንጽጽር

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተንና በአካባቢው ሐበሻ ከሚገዛቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ቤቶቹን ከሥር ተሸክሞ የቆመው ብዙ ጊዜ ብሎኬት ነው። ለእኛ ደግሞ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ክፍል፣ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ይከራያል። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ያርፉበታል። እንጀራ ይጋገርበታል። ግድግዳው ሲረጥብ የሚነካው የቤተሰቡን ጤናና ኪስ ነው።

ችግሩ ሲታይ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቅዳሜ ቀለም ገዝቶ ይቀባዋል፣ ወይ ማስታወቂያ ላይ ያየውን ኩባንያ ጠርቶ በዚያው ቀን ይፈርማል። ሁለቱም ችኮላ ነው። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ለጥገና አንድ ዶላር መውጣት የለበትም ባይ ነኝ። ከአየሩ የመጣ ውሃ አለ፣ ከጣሪያው የወረደ አለ፣ ከመሬት ውስጥ የሚገፋ አለ። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ብር ማባከን ነው፤ አንዳንዴም የግድግዳውን ችግር ያባብሳል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። እዚህ አገር የተለመደው ብሎኬት በስሙ 8 በ8 በ16 ኢንች ነው፤ ሆዱ ክፍት ነው። ከውጭ የገባ ውሃ በገባበት ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ አይወጣም። በክፍቱ ሆድ ቁልቁል ይወርድና የታችኛው ረድፍ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ወለሉ አጠገብ እድፍ ታየ ማለት ውሃው የገባው በዚያ ነው ማለት አይደለም። መግቢያው ከላይ መስኮቱ ሥር ሊሆን ይችላል።

ላብ ነው ወይስ ስርገት?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በጁላይ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ላዩ ላይ ውሃ ያወጣል። ጠርሙሱ ስላፈሰሰ አይደለም። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃውን ስለሚጥል ነው። በአፈር የተከበበ የብሎኬት ግድግዳም በበጋ ቀዝቃዛ ነው። የዲሲ አካባቢ የበጋ አየር ደግሞ በብዙ ቀናት እስከ 70 ዲግሪ ፋራናይት ሲቀዘቅዝ ውሃውን መጣል ይጀምራል። ግድግዳው ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ማላቡ አይቀርም።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ይጎዳናል። ቤት ሲሸት «መስኮት ይከፈት፣ አየር ይግባ» እንላለን። አዲስ አበባ ላይ ትክክል ነው። በሜሪላንድ ኦገስት ግን የቤዝመንት መስኮት መክፈት እርጥበቱን ጋብዞ ማስገባት ነው። መስኮቱን ዘግቶ አየሩን በማሽን ማድረቅ ይሻላል።

ሌላው እንጀራ ነው። ምጣዱ ብዙ ቤት ውስጥ ቤዝመንት ነው የሚቀመጠው፤ ላይኛው ቤት ሽታና እንፋሎት እንዳይሞላው። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ግን የትም አይሄድም፤ ቀዝቃዛው ብሎኬት ላይ ያርፋል። ከምጣዱ ጀርባና በላይ ያለው ግድግዳ ብቻ እየረጠበ ሌላው ደረቅ ከሆነ፣ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ያስፈልጋል። የልብስ ማድረቂያው ቱቦ ተነቅሎ እንደሆነም ያን ጊዜ እዩ፤ እሱም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ለመለየት ቀላል ፍተሻ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቦታ በማራገቢያ ወይም በፀጉር ማድረቂያ በደንብ አድርቁ። የአሉሚኒየም ፎይል ወይም ጥርት ያለ ላስቲክ ለጥፉበትና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዝጉ። አንዱን ከወለሉ አጠገብ፣ ሌላውን ከፍ አድርጋችሁ ብትለጥፉ ይመረጣል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይታችሁ እዩት። ወደ ክፍሉ ያለው ፊት ከረጠበ ላብ ነው። ከጀርባው፣ ከግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው በብሎኬቱ በኩል እየመጣ ነው። ሁለቱም ከረጠቡ ሁለቱም ችግር አለ። እሱም ብርቅ አይደለም።

ውሃው የሚመጣበትን ጊዜ መያዝም ከፎይሉ ባልተናነሰ ይጠቅማል። እርጥበቱ የደረሰበትን ጫፍ በጠመኔ አስምሩና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ እንደገና አስምሩ። ብሎኬቱ ላይ ያሉት መስመሮች ታሪኩን ይነግሯችኋል። ዝናቡ በጀመረ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ከረጠበ ውሃው ከአሸንዳው ወይም ከግቢው ላይ ነው የመጣው። ዝናቡ ካቆመ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ፣ ወይም በረዶ በሚቀልጥበት ሰሞን ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ከመጣ፣ የመሬት ውስጥ ውሃ ከፍ ብሎ ነው። ከጁላይና ከኦገስት በቀር ደረቅ ከሆነ ላብ ነው። ዝናብ ኖረም አልኖረም ሁሌ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ቧንቧ ተጠርጣሪ ነው፤ ቤት ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪው ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ።

ነጩ ነገር፦ ጨው ወይስ ሻጋታ?

ነጭ ነገር ያየ ሁሉ «ሻጋታ!» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጨው ነው። ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ ሲያልፍ በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲተን ጨው ብቻ ይቀራል። በጣት ስትነኩት ይፈረፈራል። ውሃ ቢንጠባጠብበት ብዙውን ጊዜ ይሟሟል። አቼቶ ጠብ ብታደርጉበት ብዙ ጊዜ አረፋ ያወጣል፤ ሻጋታ አያወጣም። ሻጋታ ፀጉር ፀጉር ይላል፣ ነጠብጣብ ይሆናል፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቀለም ሊኖረው ይችላል። ሽታውም የታወቀ ነው።

ጨው ሰው አያሳምምም። ግን ምስክር ነው፤ ውሃ በዚህ ግድግዳ ውስጥ አልፏል ማለት ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉትና ይመለስ እንደሆነ ጠብቁ። ካልተመለሰ የድሮ ታሪክ ነው። የሚያሳስበው ጨው ብሎኬቱ ውስጥ ሲጠጥርና የብሎኬቱን ፊት እየገፋ ሲያራግፈው ነው። ወለሉ ላይ የአሸዋና የብሎኬት ቅርፊት ከተጠራቀመ ካቻቪቴ አንሡና በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ልብ እየተፈረፈረ ከወጣ ግን ጉዳቱ ላዩን ብቻ አይደለም።

ሻጋታ ከሆነስ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢ.ፒ.ኤ.፣ ከ10 ስኩዌር ጫማ ያነሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው ይችላል ይላል። በሳሙናና በውሃ መፈተግና በደንብ ማድረቅ ነው ሥራው። በረኪናን የዘወትር መድኃኒት ማድረግን መሥሪያ ቤቱ አይመክርም። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ያስነሳል። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በፍጹም አይደረግም። የሻገተ ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) እና ምንጣፍ አይድንም፤ ይጣል።

ስንጥቁ የሚያሳየው

ደረጃ እየሠራ በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ የሚወጣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከመሠረት መስመጥ ጋር ይያያዛል። ቀጭንና የማይሰፋ ከሆነ ተከታትሎ መድፈን ይበቃል። በግድግዳው ወገብ ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ግድግዳውን ወደ ውስጥ እየገፋው ነው። ሸክላማ አፈር ባለበት ይብሳል። የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ማርልቦሮ ሸክላ በዚህ የታወቀ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል።

ቱምቢ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠልጥሉና ክሩ ከግድግዳው ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ። የመሃሉ ካነሰ ግድግዳው ሆዱን ወደ ውስጥ ገፍቷል። መጎበጡ ከ2 ኢንች በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ የካርበን ፋይበር ሪባን ይለጠፍበታል። ከዚያ ካለፈ የብረት ምሰሶ፣ ወደ ግቢው የሚያስር ብረት፣ ወይም አፍርሶ መሥራት ይመጣል። ይህን ግን የሚወስነው ሪባን ሻጩ መሆን የለበትም። ምንም ለማይሸጥ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥቂት መቶ ዶላር ከፍላችሁ አሳዩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ማቅማማት ክፈሉ የምለው ለዚህ ብቻ ነው።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

ከርካሹ ልጀምር፤ ብዙውን ቤት የሚያድነውም እሱ ነው። 1,000 ስኩዌር ጫማ ጣሪያ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲዘንብ ከ600 ጋሎን በላይ ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ፣ ወይም መውረጃው ግድግዳው ሥር ከተፋው፣ ያ ሁሉ ውሃ ብሎኬቱ ሥር ነው የሚሰርገው። አሸንዳውን ጥረጉ። የመውረጃውን ቱቦ ቢያንስ 6 ጫማ ከቤቱ አርቁ። ግቢው ከቤቱ ወደ ውጭ መውረድ አለበት፤ መደበኛው ልክ በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች ነው። ለዚህ የሚሞላው ጠቅጠቅ ያለ አፈር ነው። የእንጨት ፍርፋሪ ውሃ ያሳልፋል፤ አያገለግልም። አፈሩ የቤቱን የእንጨት ወይም የቪኒል ልባስ እንዳይነካ 6 ኢንች ያህል ይቅር። የመስኮት ጉድጓዶችን ከቅጠል አጽዱ። ለመቆፈር ካሰባችሁ አስቀድማችሁ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነፃ መጥተው ያመለክታሉ። ይህ ሁሉ በጥቂት መቶ ዶላርና በቅዳሜና እሑድ ጉልበት ያልቃል። ኩባንያ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ሠርታችሁ ቢያንስ ጥቂት ከባድ ዝናቦች ጠብቁ።

እርጥበት መጣጩ ማሽን፣ እዚህ ዲሂዩሚዲፋየር የምንለው፣ ለላብ ትክክለኛው መልስ ነው። ለስርገት ግን መልስ አይደለም፤ ሽታውን ይቀንሳል፣ ውሃውን አያቆምም። ኢ.ፒ.ኤ. የቤት እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ቤዝመንቱ ውስጥ ስቀሉ። ማሽን ስታወዳድሩ የምርት ዘመኑን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማሽኑ በቀን የሚመጠው ውሃ የሚለካበት ሕግ ተቀይሯል። ፍተሻው ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ስለሚደረግ የድሮው 70 ፓይንት በአዲሱ ልክ 50 ገደማ ነው። ስለዚህ አሮጌው በቁጥር ስለበለጠ ይበልጣል ማለት አይደለም። ባልዲውን ሰው በየቀኑ መድፋት ስለሚረሳ ቱቦ ወደ ፍሳሽ የሚቀጠልበትን ምረጡ።

ውሃ የማያስገባ የሚባለው የግድግዳ ቀለም ከሁሉም ይበልጥ ይሸጣል፤ እኔ ከሁሉም በኋላ የማስቀምጠው እሱን ነው። ከውስጥ ሲቀባ ውሃው ከውጭ መግባቱን አያቆምም። በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ጨው ቀለሙን ከጀርባ እየገፋ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ይላጣል። ባዶና ንጹሕ ብሎኬት ላይ፣ የውጭው ውሃ ከተስተካከለ በኋላ፣ ለቀላል ወዝ ሊያገለግል ይችላል። ያረጀ ቀለም ላይ ግን አይያዝም። ቤት ልትገዙ ስትሄዱ የታችኛው 3 ጫማ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠይቁ። የብረት ምሰሶዎቹን እግር ዝገት፣ የበሮቹን መቃን ታች ጥቁረት፣ የምንጣፉን ጥግ ገልጣችሁ የሚስማሮቹን ዝገት እዩ። እነዚህን ቀለም አይሸፍናቸውም።

ከዚህ በላይ የሚሄደው ትልቁ ወጪ ነው። የውስጥ ፍሳሽ ወይስ የውጭ ቁፋሮ?

የውስጡ እንዲህ ነው የሚሠራው። የወለሉ ኮንክሪት በግድግዳው ዙሪያ ይሰበራል። ከመሠረቱ አጠገብ ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል። የታችኛው ረድፍ ብሎኬቶች ይበሳሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ቱቦው ይወርዳል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የመሬት ውስጥ ውሃ ከፍ ለሚልበት ቤት አስተማማኝ ነው። ከውጭ ቁፋሮም ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ በጥቂት ቀናት ያልቃል፣ በክረምትም ይሠራል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ውሃውን ይቀበላል እንጂ አያስቆምም። ብሎኬቱ እርጥብ ሆኖ ይቀጥላል። መፈርፈር የጀመረ ግድግዳ መፈርፈሩን አይተውም።

ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት የሚጠፋው ግን በአውሎ ነፋስና በዝናብ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ያለፈው ዴሬቾ የሚባለው ኃይለኛ የነፋስ ማዕበል ይህን አካባቢ ለቀናት ጨለማ ውስጥ እንደጣለው የሚያስታውስ ብዙ ነው። ያለ ባትሪ ተጠባባቂ ፓምፕ የውስጥ ፍሳሽ አታስገቡ። በየጥቂት ወሩ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍታችሁ ይነሳ እንደሆነ ሞክሩ። ጉድጓዱ አየር የማያሳልፍ ክዳን ይኑረው፤ ከአፈር የሚወጣው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ፣ ሬዶን፣ አንዱ መግቢያው እሱ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ የአንድ ቤተሰብ ቤት ሲሸጥ የሬዶን ምርመራ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ነገ ስትሸጡም ይመጣባችኋል።

ብሎኬት ከመበሳቱ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ድሮ ለሙቀት መከላከያ ተብሎ በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ቬርሚኩላይት ይፈስስ ነበር። ግራጫ ወይም ወርቃማ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ቀላል ጠጠር ነው። አብዛኛው ከሊቢ፣ ሞንታና የወጣ ነው፤ የዚያ ማዕድን በአስቤስቶስ፣ ሳንባ በሚጎዳው ቃጫ፣ የተበከለ ነበር፤ ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘግቷል። ቀዳዳው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከፈሰሰ ሥራው ይቁም። በመጥረጊያም ሆነ በቫኪዩም አትንኩት። ኢ.ፒ.ኤ. አስቤስቶስ እንዳለው ቆጥራችሁ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንድትጠሩ ነው የሚመክረው።

የውጭው ቁፋሮ ግድግዳውን እስከ መሠረቱ ድረስ ይገልጠዋል። ብሎኬቱ ይጸዳል፣ ይለሰናል፣ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይለበጥበታል፣ ከሥሩ ጠጠርና ቱቦ ይገባል። ውሃው ብሎኬቱ ውስጥ ሳይገባ የሚመለሰው በዚህ ብቻ ነው። በሥራው ጥራት የሚወዳደረው የለም። ግን ውድ ነው። በረንዳውን፣ የኤሲውን ማሽን፣ የመኪና መግቢያውን ማንሳት ሊጠይቅ ይችላል። ቤቶቹ በተጠጋጉበት ደግሞ ኤክስካቫተር አያስገባም።

ምርጫዬ ይህ ነው። ግድግዳው ጤነኛ ሆኖ ውሃው ከሥር የሚመጣ ከሆነ የውስጡን። ብሎኬቱ እየተፈረፈረ፣ ወይም ግድግዳው ጎብጦ ለመጠገን ለማንኛውም የሚቆፈር ከሆነ የውጪውን። አንድ ግድግዳ ብቻ ከረጠበ ያን አንዱን ብቻ ከውጭ መቆፈር ቤቱን በሙሉ ዞሮ ከውስጥ ከመስበር ሊረክስ ስለሚችል፣ ሁለቱንም ዋጋ አስመጡ። የትኛውም ይሁን፣ ድራይዎልና ምንጣፍ የሚመለሰው ቢያንስ አንድ የፀደይ ዝናብ በደረቅ ካለፈ በኋላ ነው። ተከራዩ ቢቸኩልም፣ እንግዳ ቢመጣም።

ከፊርማው በፊት

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከመሬት የሰረገ ውሃ አይከፍልም። የፓምፕ መቆምና የፍሳሽ መመለስ ሽፋን ለብቻው የሚጨመር ነው፤ አሁኑኑ ደውላችሁ ጠይቁ። የጎርፍ ኢንሹራንስም ሌላ ነው። የፌደራሉ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ የሚሸፍነውም ውስን ነው።

በሜሪላንድ የቤት ጥገና የሚሠራ ሰው የኤም.ኤች.አይ.ሲ.፣ ማለትም የግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ አስገብታችሁ እዩ፤ ያገራችን ልጅ ቢሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቁት ቢሆንም። ፈቃድ የሌለው ሰው ገንዘባችሁን ይዞ ቢጠፋ የግዛቱ የዋስትና ፈንድ አይደርስላችሁም። በሕጉ ቅድሚያ ክፍያው ከውሉ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም።

ውሉ ላይ ስንት ጫማ ርዝመት እንደሚሠራ፣ ፓምፑ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ባትሪው መካተቱ ይጻፍ። ዋስትናው የተሠራውን ጎን ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ቤዝመንቱን የሚሸፍነው? ቤቱ ሲሸጥ ለገዢው ይተላለፋል? የተገፋው ውሃ የት እንደሚፈስም ይገለጽ። ወደ ጎረቤት ግቢም፣ ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ መስመርም መሆን የለበትም።